ቀይ ክር የታሰረባት ጣሳ

ይህን የምጽፈው ይቅር ብዬ አይደለም። ሳንባዬ ድኗል፤ ልቤ ግን ገና ነው፤ ይድናል ብዬም አልጠብቅም። የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዲያነቡት ብዬ ነው። አንደኞቹ ሳል ይዟቸው «ብርድ ነው» እያሉ ቤታቸው የተቀመጡት ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ጎረቤታቸው ሲያስል በራቸውን የሚዘጉት ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ምክር አለኝ። ለሁለተኞቹ ያለኝን ደግሞ እያነበቡ ይደርሱበታል።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ያኔ ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረም። ሩቅ አገር ያለ ዘመዱን ማናገር የፈለገ ሰው መጥቶ ያስመዘግባል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወረፋውን ይጠብቃል፤ እኔ መስመሩን አገናኝቼ ስሙን ስጠራው ተነሥቶ ይገባል። ድምፄ ያምር ነበር። ራሴን ማመስገኔ አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ያሉት ባልደረቦቼ ፊቴን አይተውት ሳያውቁ «መረዋዋ» ይሉኝ ነበር። ሕመሙም የጀመረኝ በዚያው በድምፄ በኩል ነው።

መጀመሪያ ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ጀመር። ቆይቶ «ሀሎ፣ ጎንደር» ብዬ ሳልጨርስ ሳል ያቋርጠኝ ጀመር። አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ የነበረ የማላውቀው ሰው የራሱን ጉዳይ ትቶ፣ «እኅቴ፣ የኔው ይደርሳል፤ አንች ሐኪም ቤት ሂጂ» አለኝ። ሳቅሁበት። ሰውዬው በስልክ ሽቦ የሰማውን በሽታ እኔ በገዛ ደረቴ ይዤው ስዞር ብዙ ቆየሁ። ሌሊት ሌሊት በላብ ተነክሬ እነቃለሁ። ቀሚሴ እየሰፋብኝ መጣ። ያኔ «ሸነቀጥሽ» ብለው ያደነቁኝም አልጠፉም።

ባለቤቴ ታምራት ጣና ላይ የምትመላለስ ጀልባ መካኒክ ነበር። ጎርጎራ ደርሶ እስኪመለስ ሳምንቱ ይጋመሳል። ስለዚህ ከልጃችን ከሰናይት ጋር ብዙውን ጊዜ ብቻችንን ነን። እሱ በሌለበት ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ስሙን ከማልጠራው አንድ ክሊኒክ ሄድሁና ደረቴን በደንብ ሳያዳምጡ «ብሮንካይት ነው» ብለው ሽሮፕ ሰጡኝ። ሽሮፑ አልቆ ብመለስ ሌላ ሽሮፕ ሰጡኝ። በሌላ ቀን ሌላ ሰው አገኘሁና የአንጀት ተስቦ አደረገው። መጨረሻ ላይ፣ ባልሽ ስለሚርቅ ጭንቀት ነው አሉኝ። ጭንቀት ሰውን እንዲህ የሚያከሳ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን በከተማው ወፍራም ሰው ባልተገኘ ነበር።

ታምራት ሲመለስ አጥንቴን አይቶ ደነገጠና ዘጌ ጠበል ወሰደኝ። የሚያጠምቁት አባት መስቀላቸውን ደረቴ ላይ አሳርፈው ሳሌን ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ጠበሉንም ጠጪ፤ ነገ ግን ከሐኪም እንዳትቀሪ። እሱንም የፈጠረው ያው ነው» አሉኝ። ከክሊኒኩ ይልቅ የበሽታዬ ነገር የገባቸው እሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ጠበሉን ጠጥቼ ትንሽ ቀለል ሲለኝ ሁለተኛውን ምክር ረሳሁት። ያስታወሰኝ ነጠላዬ ላይ ያየሁት ደም ነው።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ረጅም አግዳሚ ነበር። ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ተደርድሯል። ስም በተጠራ ቁጥር ሁሉም ቀና ይላል፤ የተጠራው ሲሄድ የቀረነው እንደገና እናቀረቅራለን። ሥራዬ ስም መጥራት ስለነበረ ስሜን መጠበቅ ከበደኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ከመራዊ የመጣች ሴት ከመሐረቧ ቆሎ ዘግና እጄ ላይ አደረገችልኝ። ጣቶቿ ጣቶቼን ነኩኝ። አልሸሸችኝም። ያን ቆሎ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ እጄን የነካ ሰው ለማግኘት ብዙ ጠበቅሁ።

አክታዬን ሰጥቼ ውጤቱን የነገረኝ ጤና ረዳቱ አቶ ጌጡ ነበር፤ በብስክሌት ከተማውን የሚያካልል ቀጭን ሰው። የሳንባ ነቀርሳ ነው አለኝ። ቲቢ የሚሉት ማለት ነው። ማልቀስ ስጀምር እስክጨርስ ታገሠኝና፣ «ይህ በሽታ ምሥጢር የለውም። መድኃኒቱን የጨረሰ ይድናል፤ ያቋረጠ ይሞታል» አለኝ። በየቀኑ እየመጣሁ መርፌ መወጋት ነበረብኝ፤ ከዚያ ጋርም ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን። ቀጥሎ፣ በር ዘግታችሁ ለብዙ ሰዓት አብረሽው የምትቀመጭ የሚያስል ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልሁት።

ስለ ማኅበራችን ልንገራችሁ። የሚካኤል ጽዋ ነበረን። በወር በወሩ ከአባላቱ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጠላው በጽዋ ይዞራል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋዋን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ለወሩም እሱ ይደግሳል። ስንመሠርተው የገባነው ቃል «የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ ይቀበራል» የሚል ነበር። ብዙዎቻችን ለሥራ ከየአገሩ የመጣን፣ እዚያ ከተማ እናትም አክስትም የሌለን ነንና ያ ማኅበር ዘመዳችን ነበር። ዘመኑ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ካድሬ እንዳይሰማን በርና መስኮት ቆልፈን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንዘክረው። በዚያ በታፈነ ክፍል ውስጥ ከላይ ተቀምጦ የሚያስል ሰው ነበር።

እሱም አለቃችን ነው። የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የኛ ሙሴ አቶ ደምሰው ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ስለሆነ አንተ ብዬዋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ልጁ አስመራ ያለች፣ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር የሚመዝን ሰው ነው። በዚያ ዘመን ስኳር የሚመዝን ሰው ምን ያህል እንደሚከበር ያልኖረበት አያውቀውም። ሳሉን «የሲጋራ ነው» ይላል፤ እኛም የሲጋራ ነው እንላለን። የትልቅ ሰው ሳል ስለሆነ እንደ ማዕረግ ይቆጠርለት ነበር።

አቶ ጌጡ ብስክሌቱን እየነዳ ቤቱ ሄዶ እንዲመረመር ለመነው። የኔን ስም አላነሣም። ደምሰው ግን ሞኝ አይደለም፤ ከማኅበሩ ማን እንደከሳ ያውቃል። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ በሽተኛዋን ሂድና አክም ብሎ ከደጁ መለሰው። ሲመሽ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶ ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የኔን ምሳር ያቀበለው እሱ ነው።

ቀድሞ «ስኒ አዋሺኝ» የምትለኝ ጎረቤት አጥሯን አጠበቀች። ከኅብረት ሱቁ ወረፋ ላይ፣ አንች ሰው ላኪ እንጂ ራስሽ አትምጪ ተባልሁ። ሰናይትን ደግሞ ታምራት ጎርጎራ ወደ እናቱ ወሰዳት። ለሷ ደግ ነው፤ አቶ ጌጡም መክሮት ነበር። ጀልባዋ ስትነሣ ልጄ እጇን የምታውለበልበው ለሽርሽር የምትሄድ መስሏት ነው። ከዚያ የባሌ እናት በጀልባ ሠራተኞች በኩል መላክ ጀመረች፤ ልጄን ገደለችብኝ፣ ይለያት እያለች። ታምራት ሳይነግረኝ ጀልባው ላይ ማደር አመጣ። ለምን ብዬ ስጠይቀው አልዋሸኝም። «እፈራለሁ» አለኝ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

መርፌውን ከጀመርሁ ሰነባብቼ ነበር፤ አቶ ጌጡም ከእንግዲህ ለሰው አታስተላልፊም ብሎኛል። ዋናው ትንፋሹ እንጂ ዕቃው አይደለም፤ ይልቅ ስትሰበሰቡ መስኮት ክፈቱ ብሎ መክሮኛል። ጽዋዋን የመረከብ ተራው የኔ ነበርና ነጭ ለብሼ ሄድሁ። ጠላውን እትዬ ብርቄ ሊጠምቁልኝ ተስማምተውልኛል። እትዬ ብርቄ የማኅበራችን ትልቋ ሴት ናቸው፤ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ፣ አፋቸው ከጌሾአቸው የሚመር።

መርሐ ግብሩ ሲያበቃ ጽዋዋን ልረከብ ተነሣሁ። ደምሰው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ።

«አስካል ትረፍ» አለ ለኔ ሳይሆን ለሰዎቹ። «ታማለች። ቀጥሎ ያለው ይረከብ።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። እኔም፣ «የታመመ ይጠየቃል ብለን ቃል አልገባንም ወይ ጋሼ?» አልሁት።

«ጠየቅንሽ እኮ» አለ ደምሰው። «እንዴት ነሽ?»

የሳቁም ነበሩ። ከዚያ አሳለ። ያን ሁሉ ሰው ፊት እያሳለ ጽዋዋን ለሌላ ሰው አስረከበ።

በማግስቱ ድርሻዬን ራሱ ይዞልኝ መጣ። ቤት አልገባም። ጠላውን የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ቀድቶ፣ ሽቦ መያዣ አበጅቶላት፣ በዱላ ጫፍ አንጠልጥሎ በአጥሩ ላይ አሻገረልኝ። ጣሳዋ ወገቧ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። «አትመልሻት፤ ያንችው ትሁን» አለኝ። «ክሯን ያሰርሁባት ከሌላ ዕቃ እንዳትቀላቀል ብዬ ነው።» ድምፁ ቁጣ የለበትም። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ ክፉ መሥራቱን ቢያውቅ ኖሮ እንኳ ትንሽ ይሻለኝ ነበር።

ጠላውን ደፋሁት። ጣሳዋን ግን አጥቤ አልጋዬ ፊት ለፊት ምስማር ላይ ሰቀልኋት። ቃልም ገባሁ፤ ደምሰው ከዚች ጣሳ ሳይጠጣ አልሞትም አልሁ። ስለ ልጄ ብዬ ነው የዳንሁት ብል ደስ የሚላችሁ ይኖራሉ። ልጄማ ናፍቃኝ አልቅሼ ደክሜ ነበር፤ ናፍቆት ያስተኛል እንጂ አያስነሣም። ያስነሣኝ ቂም ነው። ኪኒኑ ያቅለሸልሸኛል፤ ሆዴ አልቀበልም ይላል፤ ቀና ስል ቀይ ክሯ ትታየኛለች፤ እውጣለሁ። ሰባኪዎች በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ለኔ ያን ጊዜ ትንሽ አበድሮኛል።

ቂም ብቻውን ግን ሆስፒታል አያደርስም። እስከዚያ እየተጎተትሁ እመላለስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን እግሬ አልሸከምሽም አለኝ። ከጽዋው በኋላ ባለው ሰኞ ጧት እትዬ ብርቄ ሳይጠሩ ገቡ፤ በአንድ እጃቸው አጥሚት፣ በሌላው በርጩማ ይዘዋል። «ተነሽ» አሉኝ። በርጩማዋ ለምን እንደሆነች መንገድ ላይ ገባኝ። መንገድ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ስደርስ ይደክመኛል፤ እሳቸው በርጩማዋን ያስቀምጡልኛል፤ እቀመጣለሁ። ትንፋሼ ሲመለስ አንሥተዋት እንሄዳለን። ትንሽ ሄደን ደግሞ እንቀመጣለን። ሰው ቆሞ ሲያየን፣ «ምን ታፈጣለህ፣ ሰው ሲቀመጥ አይተህ አታውቅም?» ይሉታል። ኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት ደክሞኝ ባላውቅም እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ በርጩማዋን ያስቀምጧት ነበር። ደምሰው ሚዛኑን ትቶ እስኪያየን እንቀመጣለን።

አይፈሩም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እፈራለሁ እንጂ» አሉኝ። «ግን እኔም ነገ እተኛለሁ። ያን ቀን ማን ያነሣኛል?» ነግ በኔ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ሲያወራው ሰምቻለሁ። በርጩማ ተሸክሞ ሲመላለስበት ያየሁት ግን እሳቸውን ነው። አቶ ጌጡም የቀረሁ ቀን በብስክሌቱ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ታምራትንም ጀልባው ድረስ ሄዶ አስቀምጦ አስረዳው፤ ምን እንዳለው አላውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የእናቱን መልእክትም ከዚያ በኋላ ከጀልባ ሠራተኞቹ መቀበል ተወ።

ብዙ ወራት አለፉ። አክታዬ ነፃ ሆነ። ሰናይት ከጎርጎራ ስትመለስ ገና ከጀልባዋ ሳትወርድ ስሟን ጠራኋት፤ «እማዬ፣ ድምፅሽ መጣ» አለች። እዚያው ወደቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ሥራዬ ላይ ተመለስሁ። ደምሰውም ልጁን ለማናገር በየጊዜው ይመጣል። አስመራ መስመር አስቸጋሪ ነው። አንዳንዴ በእውነት አይገኝም። አንዳንዴ ደግሞ ይገኛል፤ እኔ ግን ከሱ ኋላ የመጡትን አስቀድሜ እጠራለሁ። እሱ አግዳሚው ላይ በሳል ይናጣል። «አስካልዬ፣ የኔስ?» ሲለኝ፣ «ይረፉ ጋሼ፤ ቀጥሎ ያለው ይግባ» እለው ነበር። አላፍርበትም። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

የጽዋው ተራዬ ዞሮ መጣ። በዚያን ቀን ገና ሳይጀመር ተነሥቼ የተሰበሰብንበትን ቤት መስኮት ከፈትሁት። ካድሬ ይሰማናል አሉ። ካድሬ ከሰማን እንታሰራለን፣ ሳንባችን ከታፈነ ግን እንሞታለን አልኋቸው። ማንም አልዘጋውም። የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ቄሱ ያን ጊዜ ማቀርቀራቸው ቆጭቷቸው ኖሮ ጽዋዋን ራሳቸው አንሥተው ያዙልኝ። እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም። አንድ ነገር ሳንስማማ አልረከብም አልሁ።

ያልሁት ይህን ነው። ጽዋዋ ያለችበት ቤት በዚያ ወር የታመመውን አባል ይመግብ፤ ሐኪም ቤት ያድርስ። ወዶ አይደለም፣ አዝኖ አይደለም፤ ተራው ስለሆነ ነው። እኔን ያተረፈኝ የአንዲት ሴት ደግነት ነው፤ እሳቸው ባይኖሩ ሞቼ ነበር። ሰው በዕድል መትረፍ የለበትም። ማኅበር ማለት ደግ ሰው ባይገኝም የማይጎድል ነገር ማለት ነው። ንግግሬ አምሮ ይሆናል፤ ዓላማዬ ግን ደምሰውን ሰው ፊት ማሳፈር ነበር። እሱም ገብቶታል።

«ከታመመው ሰው ጋር የተጣላ ቢሆንስ?» አለ እያሳለ።

«ይጣላ» አልሁት። «አጥሚቱን ግን ያድርስ።»

ሰው ሳቀ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና አንድ በአንድ እያሳለሙ ቃል አስገቡን። ደምሰውም ተሳለመ። እኔም ተሳለምሁ፤ ጽዋዋንም ተረክቤ በድል አድራጊነት ወደ ቤቴ ገባሁ። እግዜር ግን አዳምጦኝ ነበር።

ወሩ ሳይጋመስ ደምሰው ኅብረት ሱቁ ውስጥ ስኳር ሲመዝን ደም አስሎ ወደቀ። ወረፋው ስኳሩን ትቶ ተበተነ። እነዚያ ስሙን በማዕረግ የሚጠሩት ሁሉ በማዶ በኩል ዞረው ሄዱ። ቤቱ ወስደው ያስተኙት እትዬ ብርቄና አቶ ጌጡ ናቸው። እኔ ወሬውን የሰማሁት ከማኅበራችን ከመጡ ሰዎች ነው፤ ከሥራ ስገባ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጽዋዋ አንች ቤት ናት፣ ግን ማንም አይፈርድብሽም አሉኝ። አንዱማ፣ «ያችን ጣሳ በዱላ አርገሽ በአጥር አቀብዪው፤ የራሱ ሥርዓት ነው» አለኝ። ያን ሐሳብ ስንት ጊዜ በምኞቴ እንዳላመጥሁት እግዜር ያውቃል።

ቤት ገብቼ ጣሳዋን ከምስማሩ አወረድሁ። አጥሚት አሞቅሁ። እትዬ ብርቄ መጡና ማጀቱ በር ላይ ቆመው ትንሽ አዩኝ።

«ደስ ብሎሻል?» አሉኝ።

«ብሎኛል እትዬ።»

«ይበልሽ። አጥሚቱ እንዳይቀዘቅዝ።»

በአጥሩ በኩል አልሰጠሁትም። ያ የሱ ሥርዓት ነው። በበሩ ገባሁ፤ መስኮቱን ከፈትሁ፤ አጥሚቱን ጣሳዋ ላይ ገልብጬ ክሯ ወደሱ እንድትዞር አድርጌ በእጁ አስያዝሁት። የማኅበሩ ሙሴ፣ ስኳር መዛኙ፣ ትራስ ተደግፎ ጣሳዋን አገላብጦ አያት። ክሯ ደብዝዛለች እንጂ አልተበጠሰችም። ቃሌን አስቤ ቆሜ ጠበቅሁ። እሱም እስከ መጨረሻዋ ጠጣ።

«አስካል» አለኝ ሲጨርስ፤ «ያኔ ያደረግሁብሽን...»

«ይተዉት» አልሁት። «እኔ ከበሽተኛ ጋር አልጣላም። ይዳኑና እንጣላለን።»

በየማለዳው እሱን ወስጄ መርፌ ማስወጋት ነበረብኝ። የእትዬ ብርቄን በርጩማ ተውሼ በዚያው መንገድ ወሰድሁት። ዘንባባዎቹ ሥር አረፈ። ኅብረት ሱቁ ፊት ለፊት በርጩማዋን አስቀመጥሁለት፤ አልደከመኝም አለ፤ ይቀመጡ አልሁት። ተቀመጠ። ወረፋው ሁሉ አየው። ከዚያ ሥራ ገብቼ አስመራ ልጁን ፈልጌ አባትሽ ታሟል፣ ሰው ግን አለው ብዬ ነገርኋት። ያን ቀን መስመሩን ወረፋ አላስጠበቅሁትም፤ ልጅቷ ምን አድርጋኛለች።

ወሩ ሲያልቅ ጽዋዋን አስረከብሁ፤ ጣሳዋንም ከጽዋዋ ጋር አስረከብሁ። አስታማሚው ቤት ሲቀየር እሷ አልተቀየረችም። ደምሰውን ከዚያ በኋላ ሌሎቹ በተራ አስታመሙት። የሚወዱት ነበሩ፤ የሚጠሉትም ነበሩ፤ ከዚህ በፊት ስኳር ያሳነሰባቸውም ነበሩ። አጥሚቱ ግን አንድም ቀን አልቀረም። አልጋ ላይ ለወደቀ ሰው የሚበጀው ይኼ ነው እላችኋለሁ። የሰው ፍቅር ሲኖር ጥሩ ነው፤ ተራ ግን የበለጠ ይታመናል።

እንደኔው እሱም ዳነ። አክታው ነፃ መሆኑን አቶ ጌጡ በነገረኝ ዕለት ከሥራ በቀጥታ ቤቱ ሄድሁ። እጄን አይቶ፣ ዛሬስ ባዶሽን መጣሽ አለኝ።

«አሁን እንጣላ» አልሁት።

ተጣላን። ማለት እኔ ተናገርሁ፣ እሱ ሰማ። የደፋሁትን ጠላ፣ የልጄን ጀልባ ላይ ማውለብለብ፣ «እንዴት ነሽ?» ያለኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍሁለት። ሲበቃኝ ዝም አልሁ። እሱም፣ ያን ጊዜ እኔም ደም እያየሁ ነበር አለኝ። ለምን ታዲያ ደበቁ ስለው፣ አንች ላይ የሆነው እንዳይሆንብኝ ፈርቼ አለኝ።

«እኔ ላይ ያደረጉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ» አለ።

ይቅር አላልሁትም። ይቅርታ በልብ ነው የሚመጣው፤ ልቤ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣ። እሱ ግን አንድ ነገር ለመነኝ። ጣሳዋ ሄዳ ሄዳ ወደሱ ልትደርስ ነውና፣ ያችን ነገር ጣና ልወርውራት አለኝ። አይወረወርም አልሁት። የሚቀጥለው ወር ተራው የሱ ነው፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ ወገባቸውን ታመው ተኝተዋል።

ሳል የያዛችሁ፣ ሽሮፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰጣችሁ ተነሥታችሁ አክታችሁን አስመርምሩ። ስትሰበሰቡ መስኮት ክፈቱ። ኪኒኑን ደግሞ ጨርሱት፤ ለልጃችሁ ብላችሁ ካቃታችሁ በጠላታችሁ እልህ ተነሣሥታችሁ ጨርሱት፤ መድኃኒቱ ስለ ምክንያቱ አይጠይቅም።

ጽዋዋን በተረከበ በማግስቱ፣ ጧት ሰው ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ አቶ ደምሰው ከቤቱ ወጣ። ራሱ ያበጀውን ሽቦ በእጁ ይዞ፣ ቀይ ክር ያሰረባትን ጣሳ አንጠልጥሎ፣ አጥሚቱ እንዳይፈስበት ቀስ እያለ በመንደሩ መካከል ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄደ። በሬ ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እትዬ ብርቄም አጥሚታቸውን በሙቁ ጠጡ።